ሕመም የሌለበት አራቤስክ፦ የቱርክ መንግሥት በ1989 ዘፈን ለማከም የሞከረበት ጉዳይ

በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቱርክ ብዙም ያልተለመደ ነገር ሆነ። የባህል ሚኒስትሩ ቲናዝ ቲቲዝ አንድ የፍቅር ዘፈን ደግፈው ለሕዝብ አቀረቡ። ዘፋኙ ሃኪ ቡሉት ነበር። ሙዚቃውን ያቀናበረው ኤሲን ኤንጊን ነው። ርዕሱ «ያፈቀረ ይቀናል» እንደማለት ነው። የዘፈኑ ዓይነት ግን ከዘፈኑ ይልቅ ታወቀ፤ «ሕመም የሌለበት አራቤስክ» የሚል ስም ወጣለት።

ነገሩን ለመረዳት ያኔ አራቤስክ (የዐረብ ዜማ ስልት የሚሰማበት፣ ሐዘን የበዛበት የቱርክ ዘፈን) በቱርክ ምን ቦታ እንደነበረው ማወቅ ያስፈልጋል። በየታክሲው፣ በየጋራዡ፣ በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ዘፈን እሱ ነበር። ካሴቱ ከማንም በላይ ይሸጣል። የአገሪቱ ብቸኛ ብሮድካስተር የነበረው መንግሥታዊው ቲአርቲ ግን አያስተላልፈውም። የሚኒስትሩ ሐሳብ ይህን ክፍተት መድፈን ነበር፦ ሕዝቡ የሚወደውን ዜማ ይዞ፣ ለቅሶውንና ተስፋ መቁረጡን አውጥቶ፣ ንጹሕ የሆነውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማቅረብ። ሕዝቡ ዘፈኑን ሰማውና አለፈው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት የአራቤስክ ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ ዘፈን ዙሪያ ስለሚሰበሰብ ነው። ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኮንሰርቫቶሪውም (የሙዚቃ ትምህርት ቤቱም) በእጁ የነበረ መንግሥት በአንድ ካሴት የተሸነፈው ዘፈኑን ራሱን በሽታ አድርጎ ስላየው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሬዲዮው ዝም ሲል

ታሪኩ ከካሴት ዘመን በፊት ይጀምራል። አዲሲቱ የቱርክ ሪፐብሊክ በ1923 ስትመሠረት የኦቶማን ቤተ መንግሥት ሙዚቃ የምሥራቅና የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። የብሔርተኝነቱ አሳቢ ዚያ ጎክአልፕ መንገዱን አስቀድሞ ነድፎ ነበር፤ የገበሬው ዜማ ከአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ጋር ይዋሃድ፣ ከዚያ የሚወለደው ብሔራዊ ሙዚቃ ይሁን የሚል። በ1934 አታቱርክ በምክር ቤት ስለ ሙዚቃ ለውጥ ከተናገሩ በኋላ ባህላዊው የከተማ ሙዚቃ ከሬዲዮ ወጣ። እገዳው እስከ 1936 ቆየ። ያው 1936 የአንካራ መንግሥታዊ ኮንሰርቫቶሪ የተቋቋመበት ዓመት ነው። ለምክር ከጀርመን የሙዚቃ ደራሲው ፖል ሂንደሚት ተጠርቷል፤ ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክም በዚያው ዓመት በአዳና ዙሪያ የገበሬና የዘላን ዜማ ቀድቷል።

ሰው ግን ጆሮውን ዘግቶ አልጠበቀም። የግብፅ መንግሥት ሬዲዮ ሥርጭት የጀመረው በዚያው በ1934 ነው። የሬዲዮ ቁልፉን ያዞረ ቱርካዊ ካይሮን ያገኛል፤ ካይሮ ላይ ደግሞ ዘፋኟ ኡም ኩልሱም አለች፣ ዘፋኙ መሐመድ አብዱልዋሃብ አለ። ከአገሩ ሬዲዮ ላይ የተከለከለው መቃም የሚባለው የምሥራቁ ቅኝት ከሜዲትራኒያን ማዶ፣ ትልቅ የቫዮሊን ጓድ ተጨምሮበት፣ ደምቆ ይመጣለት ጀመር። በ1938 አብዱልዋሃብ የሚዘፍንበት የግብፅ ፊልም በኢስታንቡል ሸህዛደባሺ ሰፈር ሲታይ ሕዝቡ ተጋፍቶ የሲኒማ ቤቱን መስኮት እስከ መስበር ደረሰ፤ መንገዱም ተዘጋ።

መንግሥት ለዚህም መልሱ ክልከላ ሆነ። በፊልም ውስጥ የዐረብኛ ዘፈን እንዳይሰማ ተደረገ። ሲኒማ ቤቶቹ ግን ፊልሙን መተው አልፈለጉም፤ ስለዚህ እንደ ሰዓደቲን ካይናክ ያሉ ትልልቅ የዜማ ደራሲዎች የቱርክኛ ዘፈን እየሠሩ በዐረብኛው ቦታ አስገቡ። ውጤቱን ልብ በሉት። ቱርካዊ ደራሲ በቱርክኛ ግጥም፣ በግብፅ ፊልም ስሜትና በግብፅ ኦርኬስትራ አሠራር መሥራትን የተማረው በክልከላው ምክንያት ነው። አራቤስክን ማንም ከውጭ አላስገባውም፤ ሳንሱሩ ቀዶ የሰፋው የአገር ልጅ ነው።

የጨረቃ ቤት ሰዎች

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ገጠሩ ተነቀለ። ትራክተር ገባ፣ መሬት አልባው ሥራ አጣ፣ አውቶብስ ተሳፍሮ ወደ ኢስታንቡል፣ አንካራና ኢዝሚር ጎረፈ። በ1950 ከ1 ሚሊዮን ጥቂት ብቻ ያለፈ ሕዝብ የነበረው የኢስታንቡል አውራጃ በ1990 ከ7 ሚሊዮን በልጦ ነበር። መጪው ማደሪያ አልነበረውም። በከተማው ዳርቻ የመንግሥት መሬት ላይ በአንድ ሌሊት ቤት ያቆማል፤ ሲነጋ ጣሪያ የለበሰ ቤት በቀላሉ አይፈርስም የሚል ልማድ ነበር። ቱርኮች «ገጀኮንዱ» ይሉታል። እኛ የጨረቃ ቤት የምንለው ነው።

የዚህ ሰው ኑሮ በሁለት ዓለም መሃል ነው። መንደሩ ውስጥ የሚያውቀው የባግላማ (አንገተ ረጅም ባለ ክር መሣሪያ) ድምፅና የአሽክ (የአዝማሪ ዓይነት ባለ ግጥም) ዘፈን ነበር። በሬዲዮ የሚሰማው ደግሞ ያንኑ የመንደሩን ዘፈን ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ፣ ታርሞና ተስተካክሎ ሲዘምረው ነው። የራሱን ሕይወት፣ ማለትም የግንባታ ሥራውን፣ የሻገተ ግድግዳውን፣ ከሰፈሩ በታች ባለው አስፋልት ላይ በመኪና የምታልፈውን የማትደረስ ልጅ የሚናገርለት ሙዚቃ አልነበረም። ያንን ቦታ ሞልቶ የተቀመጠው አራቤስክ ነው።

ሙዚቃው ወደ ከተማው መሃል የገባው በዶልሙሽ ነው። ዶልሙሽ የጋራ ታክሲ ነው፤ ከዳርቻው ሰፈር ሠራተኛ ጭኖ ወደ መሃል ይወርዳል። ሾፌሩ ራሱ ከምሥራቅ የመጣ ነው፣ ካሴቱ የሱ ምርጫ ነው፣ ተሳፋሪው ወደደም ጠላ ይሰማል። የተማረው የኢስታንቡል ሰው «የዶልሙሽ ሙዚቃ» እያለ ያንቋሽሸው የነበረው ለዚህ ነው። ካሴቶቹ የሚወጡት ኡንካፓኒ ከሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ነበር፤ በስም የጨርቅ ገበያ ይሁን እንጂ ከብሎኮቹ አንዱን የሙዚቃ አሳታሚዎች ወርሰውታል። ጊታር ወይም ባግላማ ያነገተ ወጣት ከአናቶሊያ መጥቶ በየበሩ የሚያንኳኳው እዚያ ነው። የቲአርቲ የምርመራ ኮሚቴ ለቅሶ በዛበት ብሎ የመለሰው ዘፈን ኡንካፓኒ ገበያ ያገኛል።

ኦርሃን ገንጀባይ

አራቤስክ ያልተማረ ሰው እንጉርጉሮ ነው ለሚል መልሱ ኦርሃን ገንጀባይ ነው። በ1944 ሳምሱን፣ ጥቁር ባሕር ዳር ተወለደ። በ6 ዓመቱ ቫዮሊንና ማንዶሊን ጀመረ፤ በማግስቱ ዓመት ባግላማ ያዘ። በወጣትነቱ ጃዝ ወደደ፣ ሳክስፎን ነፋ። ቲአርቲ ውስጥም በባግላማ ተጫዋችነት ተቀጥሮ ነበር፤ በ1967 ጥሎ ወጣ። ማለትም የአራቤስክ ትልቁ ሰው የመንግሥቱን ሬዲዮ ከውስጥ የሚያውቀው ሰው ነው። ለሥራው «አራቤስክ» የሚለውን ስም ተቀብሎት አያውቅም፤ ዐረብን መቅዳት ሳይሆን ነጻ ፈጠራ ነው ይል ነበር።

በ1975 የወጣውን «ይህች ዓለም ትስጠም» የሚል ርዕስ ያለውን ዘፈኑን ማንም ቱርካዊ ያውቀዋል። ከሩቅ ሲሰሙት እርግማን ይመስላል። ቀርበው ሲሰሙት ግን ክስ ነው፤ የአርባ ቀን ዕድሉን ይወቅሳል፣ ሰብአዊነት የት ገባ ብሎ ይጠይቃል፣ ለሰው ባሪያ ሆኖ የሚያድረውን ያወግዛል። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ አሠራሩም የራሱ ብልሃት አለው። ባግላማው፣ ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ መግቢያውን ይቆነጥራል። ቫዮሊኖቹ በሙሉ በአንድ ዜማ ተነሥተው ይቀበሉታል። ከዚያ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይልና ያቆማል፤ ባዶውን ቦታ ቫዮሊኖቹ ይሞሉታል። ዘፋኙ ሲተነፍስ ኦርኬስትራው ያለቅስለታል ማለት ነው። ከሥር ዳርቡካው (የእጅ ከበሮው) ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፣ ቤዝ ጊታሩ የምዕራቡን ፖፕ ያስታውሳል። ሚኒስቴሩ በኋላ «ሕመሙን እናውጣ» ሲል ያልገባው ይህ ይመስለኛል፤ ሕመሙ ግጥሙ ላይ የተለጠፈ አልነበረም። በዘፋኙና በቫዮሊኖቹ ቅብብል ውስጥ፣ በዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ነበረ።

ገንጀባይ መድረክ ላይ ወጥቶ መዝፈን አልወደደም። ሰው የሚያየው በፊልም ነበር፤ ከ30 በላይ ፊልሞች ላይ ተውኗል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሐቀኛ ድሃ ከተማ ይገባል፣ ከላይኛው መደብ ልጅ ይወድዳል፣ ይዋረዳል፣ ክብሩን ግን አይሸጥም። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ያየ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። ሥሩ እዚያ ነው።

ምን ነበር ሕመሙ?

የአራቤስክ ገጽታዎች ጥቂት ናቸው፤ ደጋግሞ ይመለስባቸዋል። ስደትና የአገር ናፍቆት አለ። ዕጣ ፈንታ አለ፣ እንደ ጨካኝ ሰው የሚወቀስ። ብቸኝነት አለ፣ መጠጥ አለ፣ የማይደረስ ፍቅር አለ። በመጨረሻ ፈጣሪ አለ፤ አንዳንዴ ይለመናል፣ አንዳንዴ ለምን ፈጠርከኝ ይባላል።

እነዚህን የዘፈኑት ሰዎች ሕይወታቸው ከዘፈናቸው ብዙም አይርቅም። ፈርዲ ታይፉር አዳና ውስጥ በልጅነቱ አባቱ ተገድሎበት፣ ከረሜላ ቤት እየሠራ አደገ። ኢብራሂም ታትልሰስ ኡርፋ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ የግንባታ ሠራተኛ ነበር። ሙስሉም ጉርሰስ በ1953 ከኡርፋ ወገን በሃልፈቲ ተወለደ፣ አዳና አደገ፤ እናቱን የገደላት አባቱ ነው። በ1978 ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሞቷል ተብሎ ነበር፤ ተረፈ፣ የአንድ ጆሮው መስማት ግን አልተመለሰም። በኮንሰርቱ ላይ ወጣቶች ደረታቸውንና ክንዳቸውን በምላጭ ይቆርጡ ነበር። አድናቂዎቹ «ሙስሉም ባባ» ይሉታል፤ አባታችን እንደማለት። አባት ያጣ፣ ወይም አባት የጎዳው ትውልድ ለዘፋኞቹ ይህን ማዕረግ መስጠቱ ያጋጣሚ አይመስለኝም።

ተቺዎቹ ከሁሉም አቅጣጫ ነበሩ። የአታቱርክ ተከታዮች «ወደ ዐረብ መመለስ ነው» አሉ። ግራ ዘመሞቹ «ሠራተኛውን የሚያደነዝዝ ነው፣ መደራጀት ሲገባው ያለቅሳል» አሉ። የሁለተኛው ክስ ክብደት አለው። «ዕጣዬ ነው» የሚል ሰው አሠሪውን አይጠይቅም፤ ደሞዙን የሚበላበትን ሰው ትቶ ሰማይን ይወቅሳል። ያም ሆኖ ተቺዎቹ ያላዩት ነገር አለ። ዶልሙሽ ውስጥ ሃያ ሰው አንድ ብሶት በአንድ ጊዜ ሲሰማ ሕመሙ የግል መሆኑ ይቀራል። አንትሮፖሎጂስቱ ማርቲን ስቶክስ በ1980ዎቹ ቱርክ ተቀምጦ ይህንን ክርክር ያጠናው፣ ሰው ስለ ሙዚቃ ሲጨቃጨቅ በእርግጥ የሚጨቃጨቀው ቱርክ ማን ናት በሚለው ላይ መሆኑን ስላየ ነው።

ሚኒስትሩና መድኃኒቱ

በመስከረም 1980 ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። በ1983 የመጣው የቱርጉት ኦዛል መንግሥት ግን የተለየ ነበር። ገበያውን ከፈተ፤ ከአናቶሊያ የመጣው ነጋዴና የጨረቃ ቤቱ ሰው ድምፁን ሰጠው። ኦዛል አራቤስክ መውደዱን አልደበቀም፤ ፓርቲውም በቅስቀሳው ላይ ዘፈኖቹን ይጠቀም ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ተፈጠረ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመኪናው የሚሰማውን ዘፈን የራሱ መንግሥት ቴሌቪዥን አያሳይም።

«ሕመም የሌለበት አራቤስክ» ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የተፈለገ መንገድ ነው። ቲናዝ ቲቲዝ በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው፤ ችግሩንም እንደ መሐንዲስ ነው የያዙት፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ አውጥቶ ቀሪውን ማቆየት። ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ብዬ አላምንም። ከሳቸው በፊት የነበሩት ባለሥልጣናት ዘፈኑን ጨርሶ ለማጥፋት ሲሠሩ፣ እሳቸው ቢያንስ ሕዝቡ የሚወደው ነገር መኖሩን ተቀብለዋል። ለሥራው የመረጡትም ባዕድ አልነበረም። ሃኪ ቡሉት ከምሥራቅ ቱርክ ከቱንጀሊ የመጣ፣ የራሱ አድማጭ የነበረው የአራቤስክ ሰው ነው።

ታዲያ ለምን አልሠራም? አንደኛው ምክንያት ላኪው ነው። የአራቤስክ ካሴት ክብሩ ከመንግሥት ደጅ ስላልመጣ ነበር፤ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ፣ በመኪናው ይዞ፣ ለራሱ የመረጠው ነው። ሚኒስትር መርቆ ያወጣው ዘፈን ያንን ክብር በመጀመሪያው ቀን አጣው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አድማጩ ወደ ዘፈኑ የሚሄደው ሕመም ፍለጋ አልነበረም፤ ሕመሙ እቤቱ ነበረ። የሚፈልገው የሚያውቅለት ሰው ነበር። «ደህና ነኝ» የሚል አራቤስክ ለሱ ምንም አያውቅለትም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከአእምሮዬ የማይወጣው የጊዜው መገጣጠም ነው። በዚያው በ1989፣ በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ ዘፋኟ በርገን አዳና አጠገብ በፖዛንቲ በጥይት ተገደለች። ገዳዩ የቀድሞ ባሏ ነው።

በርገን መርሲን ተወለደች። በልጅነቷ በአንካራ መንግሥታዊ ኮንሰርቫቶሪ ቼሎ ተምራለች፤ ያ በ1936 አዲሱን ብሔራዊ ሙዚቃ እንዲወልድ የተቋቋመው ቤት ማለት ነው። ትምህርቱን አልጨረሰችም። ምሽት ቤት መዝፈን ጀመረች። በ1982 ኢዝሚር ውስጥ ባሏ ሰው ልኮ ፊቷ ላይ አሲድ አስደፋባት፤ አንድ ዓይኗ ጠፋ። ተመልሳ መድረክ ላይ ወጣች፣ የተጎዳውን የፊቷን ወገን በፀጉሯ ሸፍና። በ1986 ያወጣችው አልበም «የሕመሞች ሴት» የሚል ርዕስ ነበረው፤ ስሙም የሷ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሚኒስቴሩ ከዘፈን ላይ ሊያወጣው የፈለገው ሕመም ለበርገን የአድማጭ ማባበያ አልነበረም። አንድ ሰው በሷ ላይ ያደረሰው፣ ሕግ ያላስጣላት ነገር ነበር። ገዳዩ ጀርመን ሸሸ፤ ተይዞ ከተመለሰ በኋላም የታሰረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሊታከም የሚገባው ነገር ካለ እዚህ ጋ ነበረ፤ በፍርድ ቤቱ፣ በፖሊስ ጣቢያው፣ ሴትን የባሏ ንብረት በሚያደርገው ልማድ ላይ። የባህል ሚኒስቴር ሥልጣን እዚያ አይደርስም፤ የመንግሥት ሥልጣን ግን ይደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

የቲአርቲን በር የሰበረው በመጨረሻ ቴክኖሎጂና ገንዘብ ነው። በ1990 የመጀመሪያው የግል ጣቢያ ከጀርመን በሳተላይት ማስተላለፍ ጀመረ። የግል ጣቢያ የሚኖረው በተመልካች ብዛት ስለሆነ አራቤስክ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ጥያቄ አላነሣም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታትልሰስ የራሱ የቴሌቪዥን ትርዒት ነበረው። እገዳውን ማንም በይፋ ሳያነሣው ትርጉም አጣ።

ሙዚቃውም ተለወጠ። ፖፑ የአራቤስክን ቫዮሊን ወረሰ፣ አራቤስኩ የፖፑን ምት ወሰደ። ሙስሉም ጉርሰስ በ2006 ከገጣሚው ሙራትሃን ሙንጋን ጋር ባወጣው አልበም የምዕራብ ዘፋኞችን ዜማ በራሱ ድምፅ ተጫወተ፤ ያኔ በፊት ዶልሙሽ ውስጥ ሲሰሙት ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩ የኢስታንቡል ምሁራን ገዙት። በ2013 ሲሞት ታላቅ ሐዘን ነበር። ስለ ሕይወቱ በ2018 የተሠራውን ፊልም ሚሊዮኖች አዩት። የፈርዲ ታይፉር ሞት በጥር 2025 ሲሰማም የእነዚያ የጨረቃ ቤት ሰፈሮች ልጆች፣ ዛሬ ራሳቸው አያቶች የሆኑት፣ ቀብሩ ላይ ተገኝተዋል።

መንግሥቱስ? በ1998 ኦርሃን ገንጀባይን «የመንግሥት አርቲስት» ብሎ ማዕረግ ሰጠው። በ2013 ደግሞ ከኩርዶች ጋር ለተጀመረው የሰላም ሂደት ሕዝቡን እንዲያነጋግሩ ከተመረጡት «ጠቢባን» አንዱ አድርጎ ሾመው። ለአሥርተ ዓመታት በሬዲዮው እንዳይሰማ ያደረገውን ድምፅ ሕዝብን ለማሳመን ሲፈልግ የጠራው እሱኑ ነው።

የበርገን ጉዳይ ግን አልተዘጋም። በ2022 በሕይወቷ ላይ የተሠራው ፊልም ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ። በገዳዩ የትውልድ ከተማ በኮዛን ግን ከንቲባው ፊልሙ በከተማው ሲኒማ እንዳይታይ አደረጉ።